የሙሽራዋን እናት ሆኜ የተቀመጥኩበት ቅዳሜ

ውድ አንባቢዎች፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ሥራ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ ግን ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ተቀምጬ ስላየሁት አንድ ቅዳሜና እሁድ ልተርክላችሁ ነው። እንደ ጀማሪ የጻፍኩትን በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ያደግሁት ሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሶዶ የመጣሁት የአንደኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ሆኜ ነው። እናቴ ሚኒባስ ላይ ስታሳፍረኝ ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛው የሚያከራየኝን ሰው እንዳከብር፣ ሁለተኛው የማያገባኝን ነገር እንዳልጠይቅ። አንደኛውን አጥብቄ ያዝኩ። ሁለተኛውን መያዝ ግን እትዬ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚቻል አልነበረም።

እትዬ ወርቅነሽ አከራዬ ናቸው። ከስድሳ የዘለሉ፣ ረጅም፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ እንደ ሌላው ሰው አይቀመጡም። አያክኩም፣ አያዛጉም፣ እግር አይቀያይሩም። ዶሮዎቹ እንኳ እሳቸው ሰው መሆናቸውን ረስተው በእግሮቻቸው መሀል ያልፋሉ። ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ ተከራይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ወጣት ሆነው አዲስ አበባ ለሠዓሊዎች ይቀመጡ ነበር አሉ። ልብስ አውልቀው!” አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ቻልኩ። በሦስተኛው አልቻልኩም።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሥራዎ ምን ነበር?”

“መቀመጥ” አሉ ሳይዞሩ።

“መቀመጥ?”

“አንዳንዴ መቆም። አንዳንዴ መጋደም። አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ውስጥ ሞዴል ነበርኩ። ልጆቹ እኔን እየሳሉ ሥዕል ይማራሉ፤ እኔ ደግሞ አልነቃነቅም።”

ቀጥሎ ልጠይቅ የፈለግሁትን አፌ ላይ ስይዝ አዩኝና ሳቁ።

“ጎረቤትሽ ነግራሻለች ማለት ነው። አዎ፣ በልብስም ያለ ልብስም ተቀምጫለሁ። እኔ ብርዱን እንጂ የሰው ዓይን አላስታውስም። የሚስል ሰው፣ ልጄ፣ እንደ ጎረቤት አያይም። ትከሻሽ የት እንደሚያልቅ ጨንቆት ነው የሚያየው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬ አላቆመም። በትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ እንዴት እንዳረጁ ነገሩኝ። በአንዱ ሥዕል ገበሬ፣ በሌላው ንግሥት፣ በሌላው ልጇ የሞተባት ሴት ሆነዋል። ሥዕሎቹ የት እንዳሉ አያውቁም። ቤታቸው ውስጥ አንድም የለም። “የማን ሥዕል ነው ሲባል የሠዓሊው ይባላል፤ የማን ፊት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም” አሉኝ። ይህን ሲሉ ያዘኑ አይመስሉም ነበር። እንዲያውም ትንሽ የኮሩ ይመስሉ ነበር፤ ይህም ግራ ያጋባኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። ዝናብ እየጣለ ጋሽ መስፍን ገቡ። ጋሽ መስፍን በሶዶ የሱቅ ማስታወቂያና የሟች ምስል የሚሠሩ፣ የደሴ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሳሉ እትዬ ወርቅነሽን ስለው ያውቃሉ። ስለዚህ ጸጉራቸው ሸብቶም እትዬ ፊት ሲቆሙ እንደ ተማሪ ነው የሚቆሙት።

“እትዬ፣ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ከአረካ በኩል ሦስት ወንድምና እህቶች መጥተዋል። እናታቸው ትንሿን ልጅ ወልዳ ወዲያው ሞታለች። አንድም ፎቶ የላትም። ትንሿ አሁን ልታገባ ነው፤ ሰርጓ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው። የእናቴ ምስል ካልተቀመጠ ከቤት አልወጣም ብላለች።”

“ሙሽራዋን አስቀምጠህ ሳላት። ልጅ እናቷን ሳትመስል አትቀርም።”

“ብያት ነበር። ‘እኔን ስለው እናትሽ ናት ቢሉኝ መስታወት ነው የሚሆንብኝ’ አለችኝ። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ አንገቷ ረዘም ያለ ወጣት ሴት ነው የምፈልገው። ታላላቆቿ ፊቷን እየነገሩኝ አስተካክላለሁ።”

በዚህ መሀል እኔ የውኃ ጄሪካን ይዤ በበሩ አለፍኩ። ጋሽ መስፍን ንግግራቸውን አቋርጠው ጭንቅላታቸውን ዘመም አድርገው አዩኝ።

“እሷን እንዳታያት” አሉ እትዬ ወርቅነሽ። “የሰው ልጅ ናት፤ ትምህርት አላት።”

“ቅዳሜ ክፍል የለኝም!” አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። “አብሬ እመጣለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ግን ስሚ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ አንቺ የለሽም። ቢያለቅሱም፣ ቢሳደቡም፣ ቢስቁም አንቺ የለሽም።”

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ወዳለው የጋሽ መስፍን ቆርቆሮ ቤት ሄድን። ቤቱ የቀለምና የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ ግማሹ የተጻፈ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ተደግፏል። ሦስቱ ወንድምና እህቶች ቀድመውን ደርሰዋል። ታላቃቸው አቶ ጴጥሮስ መምህር ናቸው፤ ኮት ለብሰው መጥተዋል። መካከለኛዋ ማርታ አረካ ገበያ ላይ ትነግዳለች። ሙሽራዋ ሰላም በሩ አጠገብ የተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች።

እትዬ ወርቅነሽ ሻሽ አሰሩልኝ፣ አገጬን በሁለት ጣታቸው አነሱ፣ ጆሮዬ ሥር እንዲህ አሉኝ፦ “ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር ምረጪ። ሰውነትሽ ሲያሳክክሽ ለምስማሩ ንገሪው።”

መጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ያላወቅኋቸው የሰውነቴ ክፍሎች ሁሉ መናገር ጀመሩ። አፍንጫዬ ላይ ዝንብ አረፈ። ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደ ገበያተኛ ዞረኝ። እኔ ለምስማሩ ነገርኩት።

“አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነበር” አሉ አቶ ጴጥሮስ።

“ቀጥ ያለው የአባባ አፍንጫ ነው!” አለች ማርታ። “የእማማ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል።”

“ማርታ፣ ያኔ ልጅ ነበርሽ።”

“አንተ ደግሞ ሽማግሌ ነበርክ?”

ጋሽ መስፍን አፍንጫውን በከሰል ይሠራሉ፣ በጨርቅ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይሠራሉ። ወንድምና እህት ሲብስባቸው አማርኛውን ትተው በወላይትኛ ተያያዙት። ጋሽ መስፍን ስንት ዓመት ሶዶ ኖረው ከገበያ ቃላት ሌላ አልለመዱም። ወደ እኔ ዞሩና፣ “ምን አሉ? ጉንጯን ነው አገጯን?” አሉኝ።

ወላይትኛ ያደግሁበት ነውና እኔ ሁሉንም እሰማለሁ። አቶ ጴጥሮስ፣ “አንቺ ስለ እናቴ ልታስተምሪኝ?” እያሉ ነበር። ማርታ ደግሞ፣ “እናትህ ብቻ ናት?” እያለች ነበር። ልመልስ አፌን ስከፍት እትዬ ወርቅነሽ፣ “ከንፈርሽን!” ብለው ጮሁ። ዘጋሁት።

እስከ ምሳ ድረስ ሸራው ላይ ስንት ሴቶች መጥተው እንደሄዱ አላውቅም። አንዷ ለአቶ ጴጥሮስ እናታቸውን መሰለቻቸው፤ ማርታ፣ “ይህቺ የሠፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት” አለች። ሌላዋ ለማርታ እናቷን መሰለቻት፤ አቶ ጴጥሮስ አንገታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከምሳ በኋላ አቶ ጴጥሮስ ተነስተው ወደ ሸራው ተጠጉ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ፊቷን ረስቼዋለሁ” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። “ጠዋት የማውቀው መስሎኝ ነበር የመጣሁት። እያወራን እያወራን ጠፋብኝ።”

ማርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “እኔም” አለች።

ሰላም ከቆርቆሮው ላይ ተነሳች። “በቃ ይቅር” አለች። “ስለ እሷ አትጣሉ። ይቅር።”

እኔ ምስማሬን እያየሁ ነው። አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፤ ግን የለሁም።

ይኼኔ እትዬ ወርቅነሽ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡበት ጥግ፣ “ነይ ሙሽራዬ” አሉ። “ሥዕሉን ምን ልታደርጊበት ነበር?”

“ምን ላደርግበት?” ሰላም ግር አላት።

“ሳሎን ልትሰቅዪው ነው? ይዘሽው ልትሄጂ ነው?”

“አይ።” ትንሽ አሰበች። “ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሊወስዱኝ ሲመጡ ጉልበቷን ልስም ነው። የአባባን ከትምህርት የተመረቅሁ ጊዜ ስሜ ምርቃቱን ተቀብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱ በሕይወት ነበር። የእሷን ግን አንድም ቀን አልሳምኩም። ወንበር ላይ ትቀመጥና ስሜ ልውጣ ብዬ ነው።”

እትዬ ወርቅነሽ ሸራውን አዩ። ከዚያ ጋሽ መስፍንን አዩ።

“መስፍኔ፣ ጉልበቱ የታለ?”

ሁላችንም ወደ ሸራው ዞርን። እኔ እንኳ ምስማሬን ትቼ ዞርኩ። ሥዕሉ ደረት ላይ ያልቃል።

“ጉርድ ነው እኮ” አሉ ጋሽ መስፍን። “የሟች ምስል ጉርድ ነው። ሁልጊዜ ጉርድ ነው የምሠራው። ሰው የሚያመጣልኝ የመታወቂያ ፎቶ ስለሆነ…”

“እነዚህ የመታወቂያ ፎቶ አመጡልህ?”

ጋሽ መስፍን ከሰላቸውን አስቀመጡ። አቶ ጴጥሮስም፣ “እኛም ጉርድ ነው ያዘዝነው። ምስል ሲባል ጉርድ መሰለን” አሉ። ማርታ ከነጠላዋ ሥር የምታለቅስም የምትስቅም መሰለች። ለሚሳም ጉልበት ተብሎ ቀኑን ሙሉ ስለ አፍንጫ ሲጨቃጨቁ ውለዋል።

“እንግዲህ ንገሩኝ” አሉ እትዬ ወርቅነሽ። “እናታችሁ እንዴት ነበር የምትቀመጠው?”

እናንተ እዚያ ብትኖሩ ደስ ባለኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መለሱ።

“በርጩማ ላይ!”

“ወንበር አትወድም ነበር” አለች ማርታ።

“እግሯን አነባብራ” አሉ አቶ ጴጥሮስ። “የቀኝ ተረከዟን የግራ እግሯ ላይ ጭና።”

“ቦሎቄ እየፈለፈለች! ቀሚሷን በጉልበቶቿ መሀል ጎድጎድ ታደርግና ፍሬው እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል።”

“ገለባው በግራ በኩል።”

“አዎ፣ በግራ! ሁልጊዜ ታዝላን ስለነበር ወደ ፊት ጎንበስ ማለት ለምዳለች። ባታዝልም ትጎነበሳለች።”

ማንም ማንንም አላረመም። ጋሽ መስፍን ለምግብ ቤቱ ማስታወቂያ የወጠሩትን ትልቅ ሸራ አገላብጠው አቆሙ። ማርታ ወጥታ ከነገለባው ቦሎቄ ገዝታ መጣች። እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። እግሬን አቶ ጴጥሮስ አነባበሩት፤ ማርታ ጉልበቴን ትንሽ ከፈት አደረገችው፤ አቶ ጴጥሮስ፣ “ትንሽ ይበልጥ” አሉ፤ ማርታ፣ “አዎ” አለች። እትዬ ወርቅነሽ፣ “አሁን ምስማሩን ተይው። ፈልፍዪ” አሉኝ።

ፈለፈልኩ። እኛ ቤት በቆሎ ነው እንጂ ቦሎቄ ብዙም አይገባም፤ ጣቴ ቀርፋፋ ነበር። ቀና እያልኩ ማየት ስላልቻልኩ የምሰማው የብሩሹን ድምፅ ብቻ ነው። ፊቴ ከሻሹ ሥር ጥላ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ መስፍን ስለ አፍንጫ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኝተን ቀጠልን። እግሬን መጀመሪያ ወረረኝ፣ ከዚያ አመመኝ፣ ከዚያ የእኔ መሆኑን ተወ። እትዬ ወርቅነሽ ሲያዩኝ፣ “አሁን መቀመጥ ጀመርሽ” አሉ።

አቶ ጴጥሮስ ለሁላችንም ለስላሳ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ በሩ ላይ የጠርሙስ መጋጨት ሰማሁ። ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ የመምህር ያልሆነ፣ የትንሽ ልጅ የመሰለ ድምፅ፣ በወላይትኛ “እማዬ” አለ።

ወደ ሸራው ይሁን ወደ እኔ አላወቅሁም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ሰው ሲጠራ “አቤት” ማለት ያደግሁበት ነው፤ አቤት ሳልል ቀርቼ አላውቅም። አንድ የቦሎቄ ፍሬ በጣቶቼ መሀል ይዤ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ዝም አልኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ያ ነው።

ቀጥሎ ሰላም መጣች። እግሯ ፊቴ ሲቆም፣ ከዚያ ስትንበረከክ አየሁ። ጉልበቴን አልነካችም። ጎድጎድ ካለው ቀሚስ ውስጥ ጥቂት ቦሎቄ ዘግና መዳፏ ላይ አየችው። “እንዲህ ነው የምትቀመጠው?” ብላ ጠየቀች፣ በጣም ቀስ ብላ። ማርታ ከኋላዋ፣ “እንዲህ ነው” አለቻት።

አመሻሽ ላይ ሥዕሉን ሳየው እኔ እንዳልሆንኩ ወዲያው ገባኝ። የእኔ ጉልበት፣ የእኔ እግር፣ የእኔ የዘገየ ጣት ነው። ግን የማላውቃት ሴት ተቀምጣበታለች። ፊቷ ጎንበስ ብሎ ከሻሹ ጥላ ሥር ጉንጯ ብቻ ይታያል። እትዬ ወርቅነሽ ለምን ይኮሩ እንደነበር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። በረንዳው ላይ የነገሩኝ ንግሥትና ገበሬ ዛሬም አንድ የሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ተቀምጠዋል።

ማርታ ለሰርጉ ጠራችን። እኔ እሺ ልል ስል እትዬ ወርቅነሽ ቀደሙኝ። “ሞዴል ሥዕሉ ያለበት ድግስ ላይ አይሄድም” አሉ። “ሰው አንዴ ወደ ሥዕሉ አንዴ ወደ አንቺ ካየ እናትየዋ ትሄድባቸዋለች።” ተናደድኩ፤ ማየት ፈልጌ ነበር። አልሄድኩም ግን። የሰርጉ ዕለት በረንዳው ላይ ሁለታችንም ተቀመጥን፤ እኔ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ማርታ ደወለች። ከኋላዋ ጭብጨባና ዘፈን ይሰማል።

“ሳመችው!” ብላ ጮኸች። “ሁለቱንም ጉልበት! ግን እህቴ፣ ጉድ ሆነ፤ ቀለሙ አልደረቀም!”

“ምን?”

“የዘይት ቀለም ነው አይደል? ሲነኩት የደረቀ መስሎን ነበር። ቀና ስትል ከንፈሯና ግንባሯ አረንጓዴ ሆኗል፤ የቀሚሱ ቀለም! ሚዜዎቹ ሶፍት ይዘው ተሯሯጡ። እሷ እጃቸውን ይዛ፣ ‘ተዉት፣ እናቴ ናት የነካችኝ’ አለች። እንደዚያው ሆና መኪና ውስጥ ገባች። ፎቶውም እንደዚያው ነው የተነሳው።”

ለእትዬ ወርቅነሽ ነገርኳቸው። አልተነቃነቁም፤ ዓይናቸው ብቻ ረጠበ። በኋላ ጋሽ መስፍን ሄደው የከንፈሯን ምልክት ከሥዕሉ ላይ ላስተካክለው ሲሉ ቤተሰቡ እንደከለከላቸው ሰማን። ጉልበቱ ላይ እንዳለ አለ።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ገጠመኝ የሕይወቴን አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ አልለወጠውም፤ አሁንም አካውንቲንግ እማራለሁ። ክፍል በሌለኝ ቅዳሜ ግን ለጋሽ መስፍን እቀመጣለሁ፤ አንዴ ዳታ የሚባለው የበርበሬ ማባያ ሻጭ፣ አንዴ መንገደኛ ሆኜ። ስጠየቅም ሥራዬ መቀመጥ ነው እላለሁ፣ አላፍርም። የተለወጠው ዓይኔ ነው። ከዚያ በፊት ሰውን የማውቀው በፊቱ ይመስለኝ ነበር። ሁለት የሚወዷት ልጆች የእናታቸውን ፊት ሲረሱ አይቻለሁ፤ ተረከዟን ግን አልረሱም።

ለዕረፍት ተበላ ስገባ ስልኬ ውስጥ ያሉትን የእናቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ጉርድ ናቸው። ወደ ጓሮ ስሄድ እናቴ በቆሎ ትፈለፍላለች። አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ሌላውን ከሥሯ አጥፋ፣ ሰውነቷን ወደ ግራ ዘመም አድርጋ። እንዲህ እንደምትቀመጥ አላውቅም ነበር። ስልኬን ሳወጣ አየችኝና ወዲያው ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እጆቿን በጎኖቿ አድርጋ፣ አገጯን አንስታ፣ እንደ መታወቂያ ቀጥ ብላ ቆመች።

“አይ እማዬ” አልኳት። “ተቀመጪ። ሥራሽን ሥሪ።”

“ታዲያ ምኑን ልታነሺ ነው?” አለች።

“እሱን” አልኩ ወደ ጉልበቷ እያመለከትኩ።